ክብ ስሙኒ

ባለፈው ሰሞን እሑድ ከቀትር በኋላ ኢንግልዉድ በሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ልጃቸው ከጓዳ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ይዞ ወጣና፣ «ጋሼ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ታውቅ ይሆናል፣ እስቲ እየው» አለኝ።

ቋጠሮው ሲፈታ ሦስት የምኒልክ ብር፣ ጥቂት የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞችና ሁለት ስሙኒዎች ወጡ። ልጁ የቤት ኪራይ ጎድሎበታል። አንድ ፓውን ሾፕ ወስዶ አሳይቶ ለሙሉው ቋጠሮ 40 ዶላር ሰጥተውታል፤ ሰኞ ሊመለስ ቀጠሮ ይዟል። አንዷን ስሙኒ ግን ለብቻዋ አስቀርቷል። ጠርዟ እንደ አበባ የተቆራረጠ ነው፤ ጥርሶቿ ግን አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ናቸው። «ሲመታ የተሳሳተ ሳንቲም ነው፣ በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል» ይላል። በቪዲዮ ተመልክቷል።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው እሱ የመጀመሪያው አይደለምና ነገሩን ዘርዘር አድርገን እንየው።

ስሕተት የሚባለው መምቻ ቤቱ ውስጥ የተፈጠረው ብቻ ነው። ሳንቲም የሚሠራው ጥፍጥፍ ክብ ብረት በሁለት የተቀረጹ መምቻዎች መካከል ገብቶ በኃይል ሲመታ ነው። ጥፍጥፉ መሃል ላይ ካልተቀመጠ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ያመልጣል። ተመትቶ ሳይወጣ ሁለተኛ ከተመታ ጽሕፈቱ ይደረባል። የተመታው ሳንቲም መምቻው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ ቀጥሎ የገባው ጥፍጥፍ ያንኑ መልክ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶና ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ቤት ከወጣ በኋላ መኪና የሄደበት፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ በሞረድ የተፋቀ ግን ጉዳት እንጂ ስሕተት አይደለም። የማርያ ቴሬዛን ብር እየበሱ በአንገታቸው ያሰሩ እናቶቻችን ጌጥ ሠሩ እንጂ የሰብሳቢ ዕቃ አልሠሩም። መለያው ይህ ነው፦ መሃል ስቶ በተመታ ሳንቲም ላይ ያልተመታው ቦታ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፣ የተመታው ፊደል ግን ጥርት ያለ ነው። የተፋቀው ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጭረት አለው፣ ሚዛን ላይም ይጎድላል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ጀርባው ተገለበጠ የሚለው ነው። ኪሳችሁ ያለውን ኳርተር አውጡና ከጎን ወደ ጎን አዙሩት፤ ጀርባው ተዘቅዝቆ ታገኙታላችሁ። ስሕተት አይደለም፣ የአሜሪካ ልማድ ነው።

የምኒልክ ብርም ላይ እንዲሁ ነው። ልጁ ሁለቱን ብሮች ጎን ለጎን አድርጎ የአንዱ አንበሳ ግራ እግሩን፣ የሌላው ቀኝ እግሩን ማንሳቱን አሳየኝ። ዓይኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፓሪስ ላይ መጀመሪያ የተመታው፣ ፲፰፻፹፯ የሚለው ብር፣ አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል፤ በ1890ዎቹ የወጣው ደግሞ ቀኙን። ሥዕሉ ታስቦበት የተለወጠ ነው።

ያቺ ጥርሷ የተዛነፈ ስሙኒስ? እዚህ ላይ እማማ ጣልቃ ገቡ። አባታቸው ደሴ ሱቅ ነበራቸው፤ እሳቸው ያኔ ገና ልጅ ናቸው። «አባቴ ማታ በኩራዝ ሒሳብ ሲዘጋ ሽልንግ ብሎ የተቀበለው ስሙኒ ሆኖ ሲያገኘው ይናደድ ነበር» አሉ። ልጃቸው ይህን ወሬ ሰምቶት አያውቅም።

ወሬው እውነት ነው። በ1936 ዓ.ም. ቀን የሚጠሩት ሳንቲሞች በመጀመሪያ የተመቱት እዚሁ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። ስሙኒው መዳብ፣ ሽልንጉ ጥሩ ብር ነበር። የመጀመሪያው ስሙኒ እንደ ሽልንጉ ክብ ሆኖ ወጣና ከሽልንጉ ጋር ተመሳሰለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ከገበያ ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ የተቆራረጠው ተተካ። የተቆራረጠውም አንዳንዱ በሻካራ፣ አንዳንዱ በለስላሳ አቆራረጥ ይገኛል። የልጁ ስሙኒ እንግዲህ ከሻካራዎቹ አንዷ ናት፤ ሰብሳቢ ያውቃታል፣ በሺሕ ግን አይገዛትም። መምቻ ማሽኑ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ክብ ይሁን ብሎ ያዘዘው ሰው ነው።

ሁለተኛዋ ስሙኒ ክብ ናት! ልጁ ግን ተራ መስላው ቅዳሜ ማታ በሎሚና በሶዳ ፈትጓታል። እንደ አዲስ ድስት ታበራለች። የመዳብ ሳንቲም በዕድሜ ያገኘው ጥቁረት አንዴ ከተፈተገ አይመለስም፤ ገዢም ወዲያው ያውቀዋል፣ ዋጋውን ይቆርጣል። ሳንቲም አትጠቡ። በጠርዙ ይዛችሁ ወረቀት ውስጥ አስቀምጡት፣ በቃ።

እውነተኛ ስሕተት የለም እያልኩ አይደለም። ያው ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1955 መምቻው ራሱ ሲቀረጽ ተዛንፎ ሁለቴ ስለተጫነ ፊደላቸው የተደረበ 20 ሺሕ ያህል የሊንከን ሳንቲሞች አምልጠውታል። እ.ኤ.አ. በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ሳንቲሙ በብረት ሲሠራ ጥቂት የነሐስ ጥፍጥፎች ተቀላቅለው ገቡ፤ እነዚያ ዛሬ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። አጭበርባሪ ደግሞ ብረቱን መዳብ ይቀባል፤ ማግኔት ስታስጠጉት ይጣበቃል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት የቤት ሚዛን ያስፈልጋል። የምኒልክ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከሺሕ 835ቱ ጥሩ ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ወደ 70 ግራም፣ ማለትም ከሁለት ወቄት በላይ ብር ይዘዋል። ዋጋውን ከዕለቱ የብር ገበያ ጋር አስተያይተን ስናሰላ 40 ዶላሩ የብረታቸውን ዋጋ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ያለውን ለማወቅ በጨረታ የተሸጠበትን ዋጋ ተመልከቱ፤ ሻጭ የጠራውን ዋጋ ማንም መጥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዚሁ በደቡብ ካሊፎርኒያ ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስ የሳንቲምን እውነተኛነት መርምሮ ያሽጋል፤ ግን ያስከፍላል፣ ለርካሽ ሳንቲም ኪሳራ ነው። ነጋዴ ጋ ስትሄዱም ቀኑን ራሳችሁ አንብቡለት። ፲፱፻፴፮ የሚለውን የግዕዝ ቁጥር ብዙ ፈረንጅ ነጋዴ አያውቀውም፤ ቢያነበውም የራሱ 1936 ይመስለዋል፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት! በእነሱ አቆጣጠር 1943 እና 1944 ነው። ደግሞ ይህ ቀን ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ስለተመታ የሳንቲሙን ትክክለኛ ዕድሜ አይነግርም።

ልጁ ሰኞ ፓውን ሾፕ አልሄደም። እማማ ዕቁብ ዳኛቸውን ለምነው ተራቸውን ከሌላ ሰው ጋር ተለዋወጡና ኪራዩ ተከፈለ። ቋጠሮው ወደ ጓዳ ተመልሷል፤ የተፈተገችው ክብ ስሙኒ ለብቻዋ በወረቀት ተጠቅልላ ገብታለች። እማማ የአባታቸውን ስም ጽፈውባታል።