ጠያቂን ማሸማቀቅ ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው?



ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ዳታቤዝ ነው። «የኢማም ረዳትን ከዳታቤዝ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። የጀመዓው መዝገብ አገናኘን።

የወር መዋጮውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እናዛውር ብለን የደባርቅን፣ የዳባትንና የጃናሞራን ቤተሰቦች ስም አስገባን። ያልከፈሉትን አውጣ ስንለው ከሁሉ ቀድመው የሚከፍሉ አንድ አባት ዝርዝሩ አናት ላይ ወጡ! ሽማግሌን «አልከፈሉም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሙያው አለን የሚሉ ልጆች በተሰበሰቡበት ጠየቅን። መልሱ ምን ነበር? «መጀመሪያ ተማሩ»፣ «ጎግል የለም እንዴ እናንተ አገር?»፣ «ኪታባችሁን ብትቀሩ አይሻልም?»፤ የቀረው ሳቅ ነው።

ለመሆኑ ጥያቄው ያስቃል? የእኚህ አባት ስም በአባላት ዝርዝር «ሐሰን»፣ በክፍያው ዝርዝር «ሀሰን» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገብተዋል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚያው። «ዑመር» ብሎ መዝግቦ «ኡመር» ብሎ የሚፈልግ አያገኝም። የቀኑ ደግሞ ይብሳል፤ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጁን 12 ወር ብቻ ስለሆነ ጳጉሜን ስናስገባ ስህተት ይላል። «13ኛ ወር የሚባል ነገር የለም» ብሎ የሳቀብን ደግሞ ፈረንጅ እንዳይመስላችሁ፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ጳጉሜን የት ነው የሚያሳልፈው?

ይህ ጠባይ ከውጭ የተቀዳ ነው። ፕሮግራመሮች እንዲጠያየቁበት እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ስታክ ኦቨርፍሎው በ2018 ለጀማሪዎች፣ ለሴቶችና ነጭ ላልሆኑ ሰዎች ፊት የሚነሳ ቦታ መሆኑን በራሱ አንደበት አምኗል። ባለቤቶቹ ያፈሩበትን የእኛ ልጆች እንደ ካባ ደረቡት። በመድረሳ ሸይኻችን ይቆጡን ነበር፣ አለንጋም ነበረ፤ ግን እስኪገባን ድረስ ገጹን አይገልጡም ነበር።

በሐቅ እንነጋገር ከተባለ እኛም ጥፋት ነበረብን። የመጀመሪያው መልእክታችን «ዳታቤዙ አልሠራ አለ፣ ምን እናድርግ?» የሚል ነበር። ማን ሊመልሰው ይችላል? ጠያቂ የሠንጠረዦቹን ዓምዶች፣ የጻፈውን ትእዛዝ እንዳለ፣ የወጣለትንና የጠበቀውን ለያይቶ ያቅርብ። ትእዛዙንም በስልክ ፎቶ አንስቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይላክ። የሰው ስምና የሰጠው ገንዘብ ግን አማና ነው፤ በሐሰት ስም ሦስት መስመር ምሳሌ ይበቃል።

ሁለተኛ እንዲህ አድርገን ስንጠይቅ አንድ ልጅ በአራት መስመር መለሰልን። ሁለቱን ዝርዝሮች በስም ሳይሆን በአባል ቁጥር አገናኙ (ይህቺ እውነትም የጀማሪ ስህተት ነበረች)። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ የስም ዓምድ ጨምሩና በእሱ ላይ ሐ እና ኀን እስከ ሰባተኛው ድረስ ወደ ሀ ቤት፣ የቀሩትንም መንትያ ፊደሎች እንዲሁ ወደ አንድ መልሱ፤ ዋናውን ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ተዉት። ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጡ፣ ስታሳዩ ወደ እኛ ቀይሩ።

በዚያው ማታ አስተካከልነው። አባታችን ከዝርዝሩ ወጡ። እዚያ ውስጥ እንደነበሩ እስካሁን አልነገርናቸውም፤ ይህን ልጆቻቸው ካነበቡላቸው አውፍ ይበሉን።