አሳይመንቱ ከታረመ በኋላ የት ይገባል?

በየግቢያችን የሚጻፈው አሳይመንት ዕጣ ፈንታው የታወቀ ነው። ተማሪው ካለፈው ባች ያገኘውን ሶፍት ኮፒ ስም ቀይሮ ያሳትማል፤ መምህሩ ከ10 ያርምና ወረቀቱ ቢሮ ጥግ ይከመራል። ከዚያ በኋላ የሚያነበው የለም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ከዚያ በፊትም አልተነበበም።

ድሬዳዋን እንውሰድ። መልካ ጀብዱ ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል። የጅቡቲው ባቡር በዚያው ያልፋል። ከተማው ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ። ማኔጅመንት የሚማረው ልጅ ግን ስለ መጋዘን ሲያነብ የሚያገኘው ምሳሌ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው።

ክፍት የትምህርት ሀብት የሚባለው እዚህ ጋ ይጠቅማል። በነፃ የሚወርድ ፒዲኤፍ ሁሉ ክፍት አይደለም፤ በቴሌግራም የምንቀባበለው መጽሐፍ አብዛኛው ባለቤቱ ያልፈቀደው ነው። ክፍት የሚባለው ባለመብቱ፣ ብዙ ጊዜ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ቅዱት፣ ተርጉሙት፣ ቀይሩት ያለው ነው። (መቀየር የሚከለክል ፈቃድም ስላለ አስቀድሞ ማንበብ ነው።) የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ የሚያወጣቸው የማኔጅመንትና የቢዝነስ መጻሕፍት ከዚህ ወገን ናቸው። ዩኔስኮም በ2012 ዓ.ም. አባል አገራት ይህን አሠራር እንዲደግፉ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

ስለዚህ "ስለ ንብረት ቁጥጥር 5 ገጽ ጻፉ" የሚለው ይቅር። ይልቅስ እንዲህ ይባል፦ ይህን ክፍት ምዕራፍ ውሰዱ፤ የአሜሪካውን ምሳሌ አውጡና ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ መልካ ጀብዱ የሚደርስ ኮንቴይነር የሚያልፍበትን ሂደት ተኩበት፤ ዋና ዋና ቃላቱን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አስረዱ። የዘንድሮው ባች የጻፈውን የሚቀጥለው ይማርበታል፣ ስህተቱንም ያርማል። ኮፒ ፔስትም ይከብዳል። ቻትጂፒቲ ቢሆን የመጋዘን ኃላፊውን ሄዶ አይጠይቅልህማ!

የመምህሩ ሥራ ይበዛል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። አንድ ምዕራፍ በወጉ ማረም 60 ተመሳሳይ ወረቀት ላይ ራይት ከማድረግ ይከብዳል። ዲፓርትመንቱ እንደ ሥራ ጫና ይቁጠርለት። ተማሪውም ጽሑፉ በስሙ ይውጣ አይውጣ ይጠየቅ፤ ሥራው የራሱ ነውና።

ፋብሪካዎቹ ዋጋቸውንና ውላቸውን አይሰጡም፤ መስጠትም የለባቸውም። የሚፈለገው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፦ ዕቃው ሲገባ ማን ይፈርማል፣ ቀረጥ የሚታሰበው መቼ ነው፣ ወደ አገር ውስጥ ገበያ ሲወጣ ምን ይለወጣል። ይህን ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ያለ ድርጅት ሁሉ አዲስ ለቀጠረው ልጅ ከዜሮ ጀምሮ ማስረዳቱ አይቀርም።