ያረጀ መኪናና ባለቤቱ፤ ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የቀረበ አሳብ

በኮልፌ ቀራንዮ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፥ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች እሑድ ጧት የሚዘዋወር ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ኮፈኑ የተከፈተ ኮሮላ ወይም ቮልስዋገን በግቢው በር ቆሟል፤ ከጎኑ ከረጢት ተነጥፎ መፍቻ፥ ካቻቢቴና ፒንሳ ተደርድሮበታል፤ እጅጌውን የሰበሰበው አባወራ ወደ ሞተሩ አጎንብሷል፤ ልጁም ዕቃ ያቀብለዋል። ይህን የሚያይ አንዳንድ ሰው ገንዘብ የሚሰስት ሰው ነው ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን ያ አባወራ ብዙውን ጊዜ ራሱ ባለሱቅ ነው፤ መኪናውም ሰኞ ማለዳ ከመርካቶ ሸቀጥ ጭኖ ካልተመለሰ ሱቁ ባዶውን ይውላል። ይልቁንም በሶማሌ ተራና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎች ከሁሉ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ እርሱ ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ ጥቂት ማሰብ ለንግዱ ማኅበር የሚበጅ ነው።

መኪናው ያረጀው ባለቤቱ አዲስ መግዛት ስለ ጠላ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ታክሱም እንዲከብድ አደረገ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 ዐይነት ሸቀጦች መካከል የቤት አውቶሞቢሎች ነበሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ወጣ። እነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እዚህ ላይ ለመተቸት አይነሡም። በአንድነት ያስከተሉት ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ዛሬ በመንገድ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና በሌላ የማይተካ በመሆኑ እንደ ቤትና እንደ ርስት ተጠብቆ መኖር አለበት።

አሮጌ መኪና ጠብቆ መኖር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። መኪና ወደዚህች ከተማ ከገባበት ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ሲነዳ ኖሯል። ለዚህ ከቮልስዋገን የተሻለ ምስክር የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በዚችው ትንሽ መኪና እንደ ነበረ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ላይ የነበረው የመጨረሻው ፋብሪካ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. መሥራቱን ቢያቆምም፥ በአዲስ አበባ ግን ቮልስዋገን ሲሄድ ማየት አልቀረም። ይህም የሆነው ባለቤቱ ራሱ ሊጠብቀው የሚቻል ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የለውም፤ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት ይበቃዋል፤ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በቀጭን የብረት መለኪያ ይስተካከላል። ዐመሉ አንድ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ባለመኪናው በዚያው ቅጽበት ካልቆመ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ቮልስዋገን ያለው ብልኅ ሰው ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከሰፈሩ አይወጣም።

ኮሮላውና ከእርሱ በኋላ የመጡት መኪናዎች ግን ራዲያተር አላቸው፤ የኮልፌ ባለመኪናም ብዙ ጊዜ የሚከስረው በዚሁ በራዲያተሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጕልበት ሩቡን ያህል ያጣል፤ ካርቡሬተር ያለው መኪናም ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን እያበዛ ጥቁር ጢስ ያጨሳል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይደፈናል። ውኃም እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚከለክለው፥ ሁሉም የሚንቃት የራዲያተር ክዳን ናት። ክዳኒቱ እንፋሎቱን አፍና በራዲያተሩ ውስጥ ግፊት ስለምትይዝ፥ ደኅና ከሆነች ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማዋ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጓ ከደከመ ግን መኪናው ጭነት ይዞ ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ዳገት ሲወጣ ያፈላል።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ባለሱቅ የራዲያተሩ ክዳን መለወጥ እንዳለበት ራሱ ደርሶበት ወደ ገበያ ይሄዳል። ክዳን ይጠይቃል፤ ነጋዴውም አሮጌውን ተቀብሎ ከአዲሱ ጋር አስተያይቶ «ይገጥማል» ይለዋል። በእውነትም ይገጥማል። ነገር ግን በአሮጌው ራስ ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቍጥር ተቀርጾበት ሳለ አዲሱ ምንም ቍጥር የለውም፤ በቀጭን ቆርቆሮ አስመስሎ የተሠራ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው ዳገት ላይ ያፈላል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ቴስታታው ይጎብጣል። በክዳን ዋጋ የተጀመረው ነገር በሞተር ማስወረድ ይፈጸማል። ሞተሩ ሥራ ላይ በዋለበት ወር ሱቁ ሸቀጥ አጥቶ ደንበኞቹ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳሉ። የክዳኑ ሻጭ ያገኘው ትርፍ ምናልባት የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወደዚያ ሱቅ እንደማይመለስ፥ ለጎረቤቱም ለዕድርተኛውም እንደሚያወራ መናገር አያስፈልግም።

«መግጠም» እና «መሆን» አንድ እንዳልሆኑ የመለዋወጫ ነጋዴ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። አብዛኛው ነጋዴ ሐቀኛ ነው፤ የሚያጠፋውም ቢሆን ሁልጊዜ በተንኮል አያጠፋም። አስመጪው ካርቶኑን ሳይከፍት ያከፋፍላል፤ ቸርቻሪው የተባለውን አምኖ ይሸጣል፤ ጥፋቱም ባለቤት ያጣል። ደንበኛው ራሱ ርካሽ ይፈልጋል የሚለው የነጋዴዎች መልስም እውነት አለው። ይሁን እንጂ ርካሽ የሚፈልግ ሰው ርካሽ መሆኑን አውቆ ይግዛ ማለት እንጂ አይሸጥለት ማለት አይደለም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ሳልቫጅ፥ ሳልቫጅ ነው ተብሎ ከተሸጠ የሚያሳፍር ንግድ አይደለም፤ እንዲያውም ከፋብሪካው የወጣ አሮጌ ዲናሞ አዲስ ከተባለው አስመሳይ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያሳፍረው በቀለም ታጥቦ አዲስ ሣጥን ውስጥ የገባው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸቀጥ መለያ እንዲኖረው፥ ለገዥውም ደረሰኝ እንዲሰጠው መደንገጉ የሚታወስ ነው። በደረሰኙ ላይ «መለዋወጫ 1» ብሎ መጻፍ ግን እንዳልጻፉ ይቈጠራል። የዕቃው ቍጥር፥ የተሠራበት አገር፥ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ በሦስት ቃል ቢጻፍ ሻጩንም ገዥውንም ከብዙ ክርክር ያድናል።

ይህ ሁሉ በፍሬን ዕቃ ላይ ሲሆን የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ከኮልፌ ወደ ከተማ የሚወርደው ሰው ቍልቍለት ላይ ነው፤ በመንገዱ ተማሪ፥ ባለጋሪና እናቶች ይሻገራሉ። ጥራቱ የማይታወቅ የፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፥ እርጥበት በገባበት መጠን ቶሎ ይፈላል፤ ከፈላም ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል እንጂ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ ከትልቅ ቆርቆሮ እየቀነሱ በውኃ ላስቲክ የፍሬን ዘይት መቸርቸር፥ በዘይት ንግድ ላይ የተለመደ ቢሆንም፥ መተው ያለበት ነገር ነው። አስመሳይ የፍሬን ሸራን በተመለከተ ደግሞ «ደንበኛው ርካሽ ስለ ፈለገ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። የሚሻገረው ሕፃን ስለ ዋጋው ማንም አልጠየቀውም።

ባለመኪናውም በበኩሉ የእጁን ልክ ማወቅ ይገባዋል። ዘይቱን ሞተሩ ከቆመ በኋላ ደልዳላ ቦታ ላይ መለካት፥ የአየር ፊልትሮውን በበጋው አቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ማራገፍና በጊዜው መለወጥ፥ ካንዴላ ማጽዳት፥ የባትሪውን ራስ በሞቀ ውኃ አጥቦ ማጥበቅ፥ ሲጎድልም የተጣራ ውኃ ብቻ መጨመር፥ ቺንጋው መሰነጣጠቁን ማየት፥ ክረምት ከመግባቱ በፊት የመስተዋት መጥረጊያውን ላስቲክ መለወጥ፤ ይህ ሁሉ የቤት ሥራ ነው። ፍሬን ፈትቶ መግጠም፥ የመሪ ክንድና የቤንዚን ቱቦ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ደግሞ የማንም ሥራ አይደለም፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለምና። ጎማ የሚገዛም በጎኑ የተጻፉትን የመጨረሻ አራት ቍጥሮች ያንብብ። 2317 ቢል በፈረንጅ 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ማለት ነው። 17 የሚለውን አይቶ የእኛን 2017 የሚያስብ ገዥ በስምንት ዓመት ያህል ይታለላል፤ ሻጩም ዝም ካለ አታላይ ከመባል አይድንም።

የጋራዥ ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ እንጀራችን ተወሰደ ይሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በቤቱ የሚጠበቅ መኪና ወደ ጋራዥ የሚመጣው ሕመሙ ታውቆ ነው፤ ባለቤቱም ምን እንደ ተሠራለት ስለሚያውቅ ሒሳቡን ሳይጨቃጨቅ ይከፍላል። ሳይጠበቅ የኖረ መኪና ግን አንድ ቀን ሞቶ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሳልቫጅ ተበትኖ ስለሚሸጥ ጋራዡ ደንበኛውን ለዘለዓለም ያጣዋል።

ለሁሉም የሚጠቅም፥ ዋጋውም ከሁሉ የሚያንስ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ደብተር ነው። ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የተገዛው ዕቃ ቍጥርና የሱቁ ስም በአንድ ደብተር ከተጻፈ፥ ባለመኪናው ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎው ሲቀርብ ከመደናገጥ ይድናል። መኪናውን የሸጠ ዕለትም ደብተሩን ከሊብሬው ጋር ቢያስረክብ ገዥው በዋጋ ላይ እንደማይጨቃጨቀው የታወቀ ነው። ነጋዴውም ይጠቀማል። በአዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ሁሉ ስሙን ከጣሊያንኛ ወርሶ ካንዴላ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ሞተሪኖ እየተባለ በቃል ሲጠራ ኖሯል፤ ስሙ ለሁሉም አንድ በመሆኑ «ቺንጋ አምጣ» ተብሎ የተላከ ልጅ ስንት ጊዜ ሳይሆን የቀረ ቺንጋ ይዞ እንደ ተመለሰ የሱቅ ሰዎች ያውቁታል። ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። አስመጪዎቹ ይህን ደብተር ዋና ዋና የጥንቃቄ ምክር ባለበት በአማርኛ አሳትመው ከዘይት ግዢ ጋር በነጻ ቢሰጡ፥ የሚያወጡት ወጪ በየዓመቱ ከሚያሳትሙት የቀን መቍጠሪያ የሚበልጥ አይሆንም።

ስለ ዘይት ከተነሣ የተቃጠለውም ዘይት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ያስፈልጋል። እሑድ ጧት በየግቢው የሚቀዳው ጥቁር ዘይት ዛሬ የሚደፋው በቦይ ነው፤ ቦዩም ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ትንሹ አቃቂም በዳርቻው ያለውን የጎመንና የሰላጣ እርሻ እያጠጣ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ዘይት የሚሸጥ ሱቅ በበሩ ላይ አንድ በርሜል አኑሮ፥ ደንበኛው አዲሱን ሲገዛ አሮጌውን በባዶው ጀሪካን መልሶ እንዲያመጣ ቢያደርግ፥ የሞላውን በርሜል የሚሰበስብለት ሰው አያጣም፤ ያ ደንበኛም ለሚቀጥለው ዘይት ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።