በይሉኝታ የሚቆረጥ ትኬት

ለዛሬ ከበድ ከበድ ያለውን ወሬ እናቆየውና ስለ ጨዋታ እናውራ። ስለ ልጆች ጨዋታ! በዓል ሲቃረብ፣ ወይም ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ "ዘንድሮ የት ትወስዱናላችሁ?" ጥያቄው ድሮ ለአባትና ለእናት ብቻ ነበር የሚቀርበው። አሁን ግን ደመወዝ መቀበል ከጀመርን ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነን እኛም ከተጠያቂዎቹ ተርታ ተሰልፈናል። ታናናሽ ወንድምና እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር… "ሥራ ይዛችኋል አይደል እንዴ?" ይሉናል። ምን ይመለሳል?

ስለዚህ የመዝናኛ ፓርክ ትኬት ጉዳይ ለእኛ የኪሳችን ወሬ ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፦ የቤተሰብ ሽርሽርን የሚያስወድደው በሩ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ይልቅ በሩ ላይ ያልተጻፈው ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በምታውቁት ቦታ ዋጋ ተኩት። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች እንበል። መግቢያው በሰው 100 ብር ነው፤ 500 ብር ተከፈለ። እሰየው፣ ርካሽ ነው! ውስጥ ሲገባ ግን ባቡሩ ለብቻ፣ የሚጋጩት መኪኖች ለብቻ፣ ትራምፖሊኑም ለብቻ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ 150 ብር ቢሆንና ሦስቱ ልጆች አራት አራት ጊዜ ቢጫወቱ 1,800 ብር መጣ። ከመግቢያው ጋር 2,300 ብር። ትራንስፖርቱን፣ ውኃውንና ምሳውን 1,200 ብር ብለን ስንጨምርበት 3,500 ብር ገባ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከወር ደመወዝ ግማሹ በላይ ሄደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ቤተሰቡ ከቤቱ ሲወጣ በእርግጠኝነት የሚያውቀው 500 ብሩን ብቻ ነበር።

ይሉኝታም ዋጋ አለው

"አቅም የሌለው ልጆቹን ቤት ያጫውታ!" የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ "ዘንድሮ አንችልም፣ ለጥምቀት እንሄዳለን" ማለት ይቻላል። ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ፣ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ፣ ልጅ ቀሚስ እየጎተተ ግን ሌላ ነው። "ማዘር፣ የውስጡ ለብቻ ነው የሚከፈለው" ትላለች ቆራጯ በትሕትና። ማዘር ምን ይበሉ? ከጎናቸው ያለችው እናት ለልጇ ኩፖን በኩፖን ላይ እየቆረጠች ነው። የሰው ልጅ ሲጫወት የራስን ልጅ አቁሞ ማሳየት ደግሞ በእኛ አገር ሞት ነው። ይከፍላሉ። ከቤት ኪራዩም ቢሆን ቆንጥረው ይከፍላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያሳዝነው። ትንሹ ባቡሩ ላይ ይወጣል፣ ትልቋ የእሱን ጃኬት ይዛ አጥሩ ጋ ትቆማለች። "አንቺስ?" ስትባል "እኔ አላሰኘኝም" ትላለች። የአሥር ዓመት ልጅ ባቡር አላሰኛትም! ልጅቷ የእናቷን ቦርሳ አይታ ነው የዋሸችው። የበዓል ቀን ለልጆች የሚያስተምረው ይህን ከሆነ ጨዋታው ቀርቶብን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቤተሰቡ ጭራሹን አይወጣም። አባት ራሴን አመመኝ ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ በዓሉ ያልፋል።

ዲዝኒላንድም እዚሁ መንገድ ላይ ነበር

ይህን ነገር እኛ አልፈጠርነውም። የዓለማችን ዝነኛው መዝናኛ ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት መግቢያው ለአዋቂ 1 ዶላር፣ ለልጅ 50 ሳንቲም ነበር። ውስጥ ያለው ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ከ10 እስከ 35 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ልክ እንደ እኛዎቹ! ዓመቱ ሳያልቅ መግቢያውንና የተወሰኑ ጨዋታዎችን በአንድ ዋጋ የጠቀለለ የኩፖን ደብተር አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የኩፖን ደብተሩም ቀረና በአንድ ትኬት ቀኑን ሙሉ መጫወት ሆነ።

ጉዳዩ ኢኮኖሚስቶችንም አከራክሯል። ዋልተር ኦይ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ የዲዝኒላንድን አጣብቂኝ ርዕስ አድርጎ ጥናት አሳትሟል። የጥያቄው ፍሬ ነገር፣ ባለ ፓርኩ ገንዘቡን በር ላይ ቢሰበስብ ይሻለዋል ወይስ በየጨዋታው ላይ? የሚል ነው። ምሁሩ የተጨነቀው ለባለ ፓርኩ ትርፍ ነው፤ እኛ የምንጨነቀው ጃኬት ይዛ ለቆመችው ልጅ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ዲዝኒላንድ ዛሬ ርካሽ ነው እያልን አይደለም። የአንድ ቀን ትኬቱ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ሰልፍ ለማሳጠርም ለብቻው ያስከፍላል። ነገር ግን ቤተሰቡ ዋናውን ወጪ ከቤቱ ሳይነሣ ያውቀዋል። ውሳኔው በልጆች ፊት ሳይሆን ከልጆች ጀርባ ይወሰናል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመርቆ ለሕዝብ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ ቪአይፒው 1,000 ብር መሆኑ በይፋ ተነገረ። "ተወደደ" ያለም ነበር፣ "ለቤተ መንግሥት ሲያንስ ነው" ያለም ነበር። ክርክሩ ግን የተካሄደው በየቤቱና በየካፌው ነው። ማንም በር ላይ ደርሶ አልደነገጠም።

ባለቤቶቹም እውነት አላቸው

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የእነሱንም እንስማ። መጫወቻ ማሽኑና መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ መብራት አለ፣ ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ሲመታው የሚውል ባቡር አለ። ስለዚህ "በነፃ አጫውቱልን" አንልም። "አያት ባቡር ላይ አይወጡም፣ ለምን እኩል ይክፈሉ?" የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ሁለት ዓይነት ትኬት ይኑር፤ አንዱ ለተመልካች፣ አንዱ ለተጫዋች። ከዚያ ደግሞ የቤተሰብ ትኬት ይኑር፤ ሁለት አዋቂ፣ ሦስት ልጅ፣ ይህን ያህል ጨዋታ፣ በዚህ ዋጋ። ዝናብ ጨዋታውን ካቋረጠው ደግሞ ያልተጠቀሙበት ኩፖን ለሌላ ቀን ይሥራ። ቁመት የሚለካበት ጨዋታ ካለም መለኪያው ከበሩ ውጭ ይቁም፤ ልጁ ተከፍሎለት ከገባ በኋላ "አልደረሰም" አይባል።

ዋጋ መለጠፉማ ልመናም አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ደንግጓል። ባቡሩ አጠገብ በእስክሪብቶ ተጽፎ የተሰቀለ ካርቶን ለእኛ "በግልጽ የሚታይ" አይደለም። እናት የምታየው ከመግባቷ በፊት ሲሆን ነው የታየ የሚባለው።

እስከዚያው እኛስ?

እስከዚያው በዓሉ አይጠብቅምና አንዳንድ ነገር ከእጃችን አለ። አንደኛ፣ ከመሄድ በፊት ስልክ መደወል። የመግቢያው፣ የእያንዳንዱ ጨዋታ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ነፃ እንደሆነ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ… አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ከበዓሉ ቀን ይልቅ የአዘቦት ቀን መምረጥ። ዋጋው ባይቀንስ እንኳ ሰልፉ ይቀንሳል፤ ልጆቹም ሲጠብቁ አይውሉም። ሦስተኛ፣ ድር ቢያብር ነውና ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ላይ ሄዶ "ለትምህርት ቤት የምትቀንሱትን ለእኛም ቀንሱ" ማለት። አሥራ አምስት ሰው ይዞ የመጣን ደንበኛ መመለስ ለማንም ባለ ፓርክ ቀላል አይደለም።

አራተኛው ለልጆቹ ነው። ያለውን ብር እኩል አካፍለን "የአንተ ይኸው፣ የአንቺም ይኸው፣ የምትፈልጉትን ምረጡ" ብንላቸው ትልቋም የራሷ ድርሻ ይኖራታል። ሁለት ጊዜ ብቻ ትጫወት ይሆናል፤ ግን ትጫወታለች።

ወጣቶች ሆይ፣ የምንከፍለው እኛ ከሆንን የምንጠይቀውም እኛ ነን። መስኮቱ ላይ ስንደርስ "መግቢያ ስንት ነው?" የሚለውን እንተወውና "አምስት ሆነን ገብተን፣ ሁሉም ልጅ ተጫውቶ፣ ስንወጣ ስንት ይሆናል?" እንበል። መልስ ያለው ቦታ እንግባ፤ መልስ የሌለውን እንለፈው።