የሊበን ሜዳ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይጀምርም

ነገሌ ቦረና ያደገ ሰው ርቆ ማየት ይለምዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ሊበን ሜዳ ላይ ለቆመ ዓይኑን የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው፤ ሣር፣ ከብት፣ ብቸኛ ግራር፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ። አምና ይህንኑ ሜዳ የወንድሜ ልጆች በስልክ እንዲያዩት በስሪዲ ልሠራው ተነሣሁ።

ሜዳውን ዘረጋሁ፤ ግራር ተከልኩ፤ ዳር ላይ አንድ መጋዘን አቆምኩ። ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ ነው። ከቅርብ ያምራል። 500 ሜትር ሲርቁ ግን በሩና ግድግዳው ቦታ ይቀማማሉ፤ ሰማያዊው በግራጫው ላይ እየተቆራረጠ ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ላይ ባሰ። ከመጋዘኑ 20 ሜትር ወደ ኋላ ያለው ግራር ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። ትንሹ ልጅ «አጎቴ፣ ዛፉ ቤት ውስጥ ነው እንዴ?» አለኝ። ሁለት ሌሊት ስህተቱን ሥዕሉ ውስጥ ፈለግኩት። አልነበረም።

ኮምፒውተር የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ የሚለየው ለእያንዳንዷ ነጥብ ርቀት መዝግቦ በማወዳደር ነው። መዝገቡ ዴፕዝ በፈር ይባላል። ኤድ ካትሙል ሐሳቡን በዩታ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974፣ እኛ አገር አብዮት በፈነዳበት ዓመት ነው። ባለ 16 ቢት መዝገብ 65,536 እርከን አለው፤ ባለ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ። ብዙ ፕሮግራመር እዚህ ላይ «ቢቱን ጨምር» ብሎ ያልፋል። ላፕቶፔ ላይ የተንቀጠቀጠው በር ግን በ24 ቢት የተመዘገበ ነበር፤ የስልኩ በ16።

እርከኖቹ እኩል አይከፋፈሉም። ከዓይን አጠገብ ይጠቀጠቃሉ፤ እየራቁ ሲሄዱ ይሳሳሉ። የእኔ ትዕይንት የሚጀምረው ከካሜራው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር፤ ከማስተማሪያ ቪዲዮ የገለበጥኩት ቁጥር ነው። እንዲህ ሲሆን የእርከኖቹ ግማሽ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ሳይደረስ ያልቃል። 500 ሜትር ላይ የአንድ እርከን ስፋት በ24 ቢት 15 ሴንቲ ሜትር፣ በ16 ቢት 38 ሜትር ይሆናል። በሩም ግራሩም እዚያ ክፍተት ውስጥ ነበር የጠፉት። መነሻውን ወደ 1 ሜትር ስገፋው ሁለቱም የእርከን ስፋቶች በአሥር እጥፍ ጠበቡ። ላፕቶፑ ላይ በሩ ረጋ፤ ስልኩ ላይ ግራሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስልኩ ላይ በሩ እንዲረጋ 24 ቢት መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠየቅኩ፣ ሰጠኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ርቀት፣ ቀጥሎ ቢት እላለሁ። 16 ቢት የሚናቅ አይደለም፤ ለ1280 በ720 ስክሪን 1.8 ሜጋባይት ገደማ ይበቃዋል፣ 32 ቢት እጥፉን ይወስዳል። ክፍል ውስጥ ለሚያልቅ ጨዋታ ይበቃል። አቅም ያለው መሣሪያ ላይ ደግሞ ባለ 32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ተመርጦ ቅርቡ 1፣ ሩቁ 0 እንዲሆን ቢገለበጥ ይሻላል፤ ይህ ዓይነት ቁጥር 0 አጠገብ ስለሚጠቀጠቅ የሩቁን መሳሳት ያካክሳል።

ግራፊክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪ መነሻውን 0.1 ብሎ ከመገልበጡ በፊት ስንት ሜትር እንደሚያሳይ ጠይቁት። ያቤሎና ሞያሌ ያለው ልጅ ከበሩ ሲወጣ የሚያየው አድማስ ነው። የእርከን ስፋት ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፤ ርቀቱ በራሱ ይባዛል፣ ለመነሻው ርቀትና ለእርከኖቹ ብዛት ብዜት ይካፈላል። ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው።