ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሆነን አንዱ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክቷል። ፊልሙ «ሲካንዳር» ነው፤ በ2025 ለኢድ የወጣው የሳልማን ካን ፊልም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፤ ከወዲሁ ይታወቅልን።) ሳልማን አውሮፕላን ውስጥ አንዱን የሚኒስትር ልጅ እየቀጠቀጠ ሥርዓት ሲያስተምረው የጓደኛችን እናት ሲኒ ሊሰበስቡ ገቡ። ቆመው አዩ። ትንሽ ቆዩና ጠየቁ፦

«ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው?»

ተያየን። «ንጉሥ ነው፣ እማማ» አልናቸው። እውነታችንን ነው፤ የራጅኮት ንጉሥ ነው።

«እሱስ ይሁን፤ እኔ ሥራውን ነው የጠየቅኋችሁ» አሉና ሲኒያቸውን ይዘው ወጡ።

ፊልሙ ለእኛ ያኔ አለቀ። የቀረውን ያየነው ፈንዲሻው እስኪያልቅ ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ እናውቃለን፤ «የህንድ ፊልም ድሮስ መቼ ደህና ነበር?» ትላላችሁ። ኧረ ቆዩ! እኛ ዘፈኑ በዛ፣ ዝናቡ በዛ፣ በአንድ ቡጢ ሃያ ሰው ወደቀ ብለን የምናላዝን ሰዎች አይደለንም። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ያደግን ነን። ቃሉን ሳናውቀው ዘፈኑን በሂንዲ ስንለቅ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። ሰው ሲያጋንን «የህንድ ፊልም አታድርገው» የምንባባል የከተማ ልጆች ነን፤ ማጋነኑን ግን እንወደው ነበር። የተናደድነው በሌላ ነው።

እማማ ጥያቄውን ያመጡት ከባዶ ሜዳ አልነበረም። በልጅነታቸው «ማዘር ኢንዲያ»ን ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩ ሴት ናቸው። የሜህቡብ ካን ፊልም ነው፣ የ1957። የራዳን ሥራ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ታርሳለች። በሬ ሲጠፋ ራሷ ሞፈር ትጎትታለች። አማቷ ለሠርግ በተበደረችው 500 ሩፒ ምክንያት አራጣ አበዳሪው ከምርቷ አራት እጅ ሦስቱን በወለድ ይወስድባታል። መጨረሻ ላይ ሽፍታ የሆነ ልጇን በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድላለች። ይሄ ከተጋነነ አዎ፣ ተጋኗል። ግን ከአራጣ ጀምሮ ነው የተጋነነው። ሂንዲ የማይሰማ የመርካቶ ሰው ያለ ትርጉም ያለቀሰው ለዚህ ነው፤ ሱኪላላን በሌላ ስም ያውቀዋል።

«ዲዋር»ን ውሰዱ፣ የ1975ቱን። አሚታብ ባቻን በልጅነቱ ሊስትሮ ነው። ሰውየው ሳንቲሙን መሬት ላይ ሲወረውርለት ጎንበስ ብሎ አያነሳም፤ በእጁ እንዲሰጡት ይፈልጋል። አድጎ ወደብ ላይ ሸክም ይሸከማል፣ ከጫኞቹ ላይ ጉርሻ የሚነጥቁትን ወሮበሎች ይደበድባል። ዕቃ ቤቱን በራቸውን ከውስጥ ቆልፎ ስንቱን እንዳነጠፈ አትጠይቁን! ግን እያንዳንዱ ቡጢ ዕዳ የሚከፍል ቡጢ ነበር። በመጨረሻም ይሞታል፣ እናቱ ጭን ላይ። «አክተር አይሞትም» የሚለውን የቪዲዮ ቤት ሕጋችንን ያፈረሰው ራሱ ህንድ ነው፤ ቅሬታ አላሰማንም። በ1983 ደግሞ ይሄው ሰው የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ሆኖ መጣ፤ የፊልሙ ስምም «ኩሊ» ነው። ርዕሱን እንኳ ለእኛ መተርጎም አላስፈለገም።

«ዲዋር»ን ከጃቬድ አክታር ጋር ሆኖ የጻፈው ሰው ሳሊም ካን ይባላል። የሳልማን ካን አባት! አባት ጎንበስ የማይል ሊስትሮ ጻፈ፤ ልጅ ሁሉም የሚጎነበስለት ንጉሥ ሆኖ ይጫወታል። በ«ሲካንዳር» ውስጥ ድሆች የሉም አንልም፣ አሉ። የሚስቱ የአካል ክፍሎች ለሦስት ሰዎች ተሰጥተዋል፤ ሚስቲቱን የምትጫወተው ራሽሚካ ማንዳና ከሱ ከ30 ዓመት በላይ ታንሳለች፣ እሱን እንለፈው። እነዚያ ሦስቱ እሱ እንዲያድናቸው ነው የተፈጠሩት። የራሳቸው ጉዳይ የላቸውም። ቆመው ያመሰግኑታል።

ታዲያ ሠራተኛው ከማያው ላይ መቼ ጠፋ? በአንድ ሌሊት አይደለም። በ1995 «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ለንደን ያደገ የሀብታም ልጅ ይዞ መጣ፤ ደስ የሚል ፊልም ነው፣ አንክድም። በ1997 ደልሂ ውስጥ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ አዳራሽ ያለው የመጀመሪያው ዘመናዊ ሲኒማ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት በርካሽ ተቀምጦ የሚያፏጨው ተሸካሚና ሪክሾ ነጂ ቀስ በቀስ በገበያ ማዕከሉ በር ላይ ቀረ። ከአዳራሹ የወጣ ሰው ከታሪኩም ይወጣል፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አዘጋጁ ያውቃል። በ2001 «ካቢ ኩሺ ካቢ ገም» ላይ ሻሩክ ካን ቤቱ የሚገባው በሄሊኮፕተር ነው። ደልሂ ነው የተባለው ያ ቤት ከውጭ የሚታየው እንግሊዝ አገር ያለ የባለጸጋ ግቢ ነው። በ2023 «አኒማል» ላይ ደግሞ ጀግናው የብረት ፋብሪካ ከበርቴ ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው የሚፈጀው አባቴ አልወደደኝም ብሎ ነው። ከራዳ ወደዚህ!

የሰው ጉዳይ ሲጠፋ የሚቀረው ቅጂ ነው። ሳልማንን በአዲስ መልክ ያነሳው «ዋንትድ» (2009) ከቴሉጉ ነው። «ሲንግሃም» (2011) ከታሚል፣ «ካቢር ሲንግ» (2019) ከቴሉጉ፣ «ሸህዛዳ» (2023) ከቴሉጉ፣ «ቤቢ ጆን» (2024) ከታሚል። የ2007ቱን «ፓርትነር» ማየት የጀመረና ዊል ስሚዝን በ«ሂች» ያየ ሰው መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያውቀዋል። የደቡቦቹ ፊልሞች ዛሬ በሂንዲ ድምፅ ተተርጉመው በየስልኩ ይገኛሉ፤ ተመልካቹ ዋናውን አይቶ ቅጂውን በውድ ቲኬት ግባና እይ ይባላል። ዘፈኑም አልተረፈም። በ2020 የ«ማሳካሊ»ን ዘፈን አድሰው ሲያወጡት ዋናውን የሠራው ኤ. አር. ራህማን ራሱ በአደባባይ ቅር መሰኘቱን አሳወቀ። አስቡት፣ ራህማን በሕይወት እያለ ነው የቀየሩበት!

ገንዘብ አጥተው ነው እንዳንል፣ በ2024 የቦሊውድ ዳይሬክተሮች ራሳቸው የኮከቦቹ አጀብ ወጪ በጀቱን በላው እያሉ በግልጽ ሲያማርሩ ነበር። አኑራግ ካሽያፕ የነገረን አለ፤ ጫካ ውስጥ እየተቀረጸ አንዲት መኪና ሦስት ሰዓት ርቆ ካለ ከተማ ለአንድ ሰው በርገር ልታመጣ ትላካለች። በርገሩ ሲደርስ ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። እኛ የምናስበው ያ በርገር የስንት ቀን የጸሐፊ ደሞዝ እንደሆነ ነው።

«ሰው የሚፈልገው ይሄንን ነው» የሚለው መከራከሪያም አይሠራም። በ2023 ከሁሉ በላይ ከሸጡት አንዱ «ጃዋን» ነው፣ ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ያስገባው። ሻሩክ እዚያም ይበራል፣ ይተኩሳል፣ ይደንሳል። ግን መሐል ላይ በትራክተር ብድር የታነቀ ገበሬ አለ፤ የትራክተሩ ወለድ ከቅንጦት መኪናው ወለድ እንደሚበልጥ ፊልሙ ቁጥር ጠርቶ ይናገራል። ሱኪላላ ባንክ ሆኖ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ አትሊ ግን ከታሚል ሲኒማ የመጣ ሰው ነው፤ ሙምባይ ይሄን አስታዋሽ ከሩቅ ነው ያስመጣችው።

አነስተኞቹም አሉ። የኪራን ራው «ላፓታ ሌዲስ» (2024) ሁለት ሙሽሮች በመሸፈኛቸው ምክንያት ባቡር ላይ የተቀያየሩበት ነው። አንዲቱ ባሏ እስኪያገኛት ጣቢያው ላይ ከሻይ ቤቷ ሴትዮ ጋር ትሠራለች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነውን ገንዘብ በእጇ ስትቀበል ፊቷን እዩት። ሄሊኮፕተር የለም። ማንም አይበርም። የሂንዲ ፊልም ነው፣ እዚያው ሙምባይ ያለ ሰው የሠራው። ስለዚህ አይችሉም ብለን አናዝንላቸውም። ይችላሉ። ትልቁን ገንዘብ ሲይዙ ግን ይሄንን አይሠሩም፤ የሚያናድደንም እሱ ነው።

በሳምንቱ እዚያው ቤት «ላፓታ ሌዲስ»ን ይዘን ሄድን። እማማ መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቆመው አዩ፣ ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ስትናገር የአማርኛውን ጽሑፍ እኛ እንድናነብላቸው አልፈለጉም፤ «ዝም በሉ፣ ገብቶኛል» አሉን። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ በረደ።