ከፔዳሉ በፊት ጣት

አሁን አሁን ጊታር የሚይዙ አንዳንድ ወጣቶች የ1970ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ድምፅ ፍለጋ አሮጌ «ኤንቨሎፕ ፊልተር» ፔዳል ሲያሳድዱ እናያለን። ዝነኛው ሙ-ትሮን 3 በ1972 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ስቲቪ ዎንደር በ1973ቱ «ሃየር ግራውንድ» ክላቪኔቱን በእሱ አሳልፎ ተጫውቷል። ዛሬ ዋጋው የቅርስ ዋጋ ሆኗል።

በእኔ እምነት ግን ይሄ ገንዘብ ያለቦታው ነው የሚወጣው። ዋው-ዋው ፔዳልን የሚያዘው እግር ነው፤ ይሄኛውን ጣት ያዘዋል። ክሩ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ማጣሪያው ይከፈታል፣ ድምፁ ሲደክም ይዘጋል። ሁሉን እኩል ለሚመታ ሰው ሳጥኑ ምንም አይመልስም። የእብናት አዝማሪስ? ደጋኑን ጫን ላላ እያደረገ ማሲንቆውን ያለ ባትሪ ያስለቅሳል!

መግዛት ካስፈለገም ሰክቶ፣ ሰምቶ ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የአሜሪካ አዳፕተር በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ አዳዲስ ፔዳሎችም አሉ።

በሠርግ ቤት እየተጫወተ የሚኖር ልጅ የወራት ገቢውን ለስም ሲያፈስ ስለ ሙዚቃ የምንጽፍ ሰዎች ዝም ማለት የለብንም። ዕቃውን ከማሞገሳችን በፊት እጁን እንስማ።